ከረጢቷ ውሃ ቋጥሮ አፏ የሚሸት ዶሮ፦ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። የ2 ዓመት እንቁላል ጣይ ዶሮ ነች፤ ክብደቷ 1.8 ኪሎ ገደማ። መኖ ካቆመች 3 ቀን ሆኗታል፤ ውሃ አልፎ አልፎ ትቀምሳለች። ከአንገቷ በታች ያለው የእህል ከረጢት ውሃ እንደተሞላ ፊኛ አብጧል፣ አፏ ይኮመጥጣል፣ ኩሷ አረንጓዴና ውሃማ ነው። እንቁላል ከጣለች 5 ቀን አልፏል። አብረዋት ያሉት 5 ዶሮዎች ደህና ናቸው። በውሃ የተበጠበጠ አንቲባዮቲክ 2 ቀን ተሰጥቷት ለውጥ አልታየም። ጠያቂው ከየአቅጣጫው ምክር ሰምተዋል፦ ገልብጠው ያስመልሷት፣ ዘይት ይጋቷት፣ እርጎ ይስጧት። የቱን ልያዝ ይላሉ።

ከሁሉ በፊት፣ እባክዎ ዶሮዋን አይገልብጧት። የዶሮ የአየር ቧንቧ የሚከፈተው እዚያው አፏ ውስጥ ከምላሷ ሥር ነው። መንቁሯን ከፍተው ቢያዩ ስትተነፍስ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቀዳዳ ይታያል። ሰው ሲውጥ የአየር ቧንቧውን የሚሸፍን ክዳን አለው፤ ዶሮ የላትም። ተዘቅዝቃ ከረጢቷ ሲጨመቅ የኮመጠጠው ፈሳሽ በዚያ ቀዳዳ ላይ ያልፋል። ድያፍራም ስለሌላት ደግሞ እንደ ሰው አጥብቃ ስላ ማውጣት አትችልም። እጅዎ ላይ በደቂቃ ውስጥ ልትሞት ትችላለች፤ ካልሆነም ከ2 እና ከ3 ቀን በኋላ በሳንባ ምች ትሄዳለች፣ ያኔ ጥፋቱ ለቀድሞው በሽታ ይሰጣል። ከረጢቱ መታጠብ ካለበት የእንስሳት ሐኪም ቱቦ አስገብቶ፣ ራሷን ቀና አድርጎ ይዞ ያጥበዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከረጢቱ ራሱ አይፈጭም። የበላችው እህል መጀመሪያ የሚያርፍበት፣ ረጥቦ የሚለሰልስበት ማቆያ ነው። ከእሱ ቀጥሎ አሲድ የሚያመነጨው ጨጓራ አለ፣ ከዚያ በጠጠር እየታገዘ የሚፈጨው ወፍራሙ ጡንቻማ ጨጓራ፣ ከዚያ አንጀት። ከረጢቱ ሥራ ሲያቆም ጥፋቱ ሁልጊዜ የራሱ አይደለም። ረጅም ሣር ወይም ገመድ ተጠቅልሎበት ሊዘጋ ይችላል፤ ፈንገስ ሊራባበት ይችላል። ከታች ጡንቻማው ጨጓራ ወይም አንጀቱ ቢዘጋም ከላይ ያለው ይጠራቀማል። ሆዷ ውስጥ ሌላ ሕመም ሲኖር ደግሞ መላው የምግብ መንገድ ይዝላል፤ ከረጢቱም አብሮ ይቆማል፣ የቆመው ምግብ ይቦካል፣ ፈንገሱ በላዩ ይራባል። ከውጭ የሚታየው ያው አንድ ነው፦ ያበጠ ከረጢት፣ የሚሸት አፍ። ስለዚህ «የኮመጠጠ ከረጢት» የሚለው ስም የምልክት ስም ነው። ለምን ቆመ የሚለው ካልተመለሰ ዛሬ ታጥቦ በ3ኛው ቀን ተመልሶ ይሞላል።

ከጻፉት ሁሉ ክብደት የምሰጠው እንቁላል ማቆሟን ነው። እንቁላል ያቆመችው ከ5 ቀን በፊት፣ መብላት ያቆመችው ከ3 ቀን በፊት ነው። ቅደም ተከተሉ ትክክል ከሆነ ችግሩ ከከረጢቱ በታች ሊጀምር ይችላል። በእርግጥ መኖ እየቀነሰች መጥታ እርስዎ ያስተዋሉት በ3ኛው ቀን ሊሆን ይችላል፤ ላባ የምትቀይርበት ጊዜ ከሆነም እንቁላል ማቆሟ የተለመደ ነው። ግን በ2 ዓመት ጣይ ዶሮ ላይ የእንቁላል መንገድን ሳይፈትሹ ከረጢት ብቻ ማከም ግማሽ ሥራ ነው።

ዛሬ ማታ የሚሠራው

ለብቻዋ ይለዩዋት፤ ለሌሎቹ ደህንነትም፣ ኩሷን ለይቶ ለማየትም። ካርቶን ወይም ሣጥን ይበቃል። ከሥር ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አያንጥፉ፤ የታመመች ዶሮ ትለቅመዋለች፣ ከረጢቷ ላይ ሌላ ጣጣ ይጨምራል። ነጭ ጨርቅ ወይም ያልታተመ ወረቀት ያንጥፉ፤ የኩሱ ቀለም በግልጽ ይታያል። የሣጥኑ ሙቀት ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን መልካም ነው። ጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀቷ 41 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሳትበላ ያንን ሙቀት ለመጠበቅ የራሷን ሥጋ ታቃጥላለች። ቴርሞሜትር ከሌለ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው በሣጥኑ አንድ ጥግ ያስቀምጡና ሌላውን ጥግ ባዶ ይተዉት፤ ሲሞቃት ትሸሻለች። አፏን ከፍታ ካለከለከች ወይም ክንፏን ከጎኗ ካራቀች በዝቶባታል።

ይመዝኗት። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሣጥን አስቀምጠው ባዶውን ዜሮ ካደረጉ በኋላ ዶሮዋን ማስገባት ነው። በየጠዋቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይደገም፣ ይጻፍ። ሰው በዓይኑ «ተሻላት» ሲል ሚዛን ሌላ የሚመሰክርበት ጊዜ አለ፤ ላባ ክሳትን ይሸፍናል። የከረጢቱ ፈሳሽም እንደሚመዘን አይርሱ፤ ከታጠበ በኋላ የሚታየው ቅናሽ የሥጋ ቅናሽ አይደለም።

መኖውን ያንሱ፣ ውሃ ይተዉላት። ጊዜው ከምሽት እስከ ንጋት፣ 12 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሌላ ቦታ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ያስጹሟት የሚል ያጋጥምዎት ይሆናል፤ ገና ዛሬ ለታመመች ወፍራም ዶሮ ያ ሊያስኬድ ይችላል። የእርስዎ ግን 3 ቀን አልበላችም። ጾም ላይ ጾም መጨመር አቅሟን ይጨርሰዋል።

የሌሊቱ ዓላማ አንድ ፈተና ነው። ጤነኛ ዶሮ ማታ ከረጢቷን ሞልታ ቆጥ ላይ ትወጣለች፤ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ቢዳሰስ ከረጢቱ ባዶ፣ ልሙጥና የማይያዝ ነው። ማታ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ይዳስሱ፣ መጠኑን በአእምሮዎ ይያዙ፣ ንጋት ላይ ይድገሙት። ሙሉ በሙሉ ከወረደ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ግማሽ ከወረደ ዘገምተኛ ነው፣ ተስፋ አለው። እንደነበረ ካደረ ቆሟል፤ በቤት ውስጥ ሕክምና ብዙ ርቀት አይኬድም።

ስትዳስሱ ምን ይፈለጋል?

ከረጢቱ የሚገኘው ደረቷ ላይ፣ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ነው። ሲዳስሱት ድንጋይ ወይም ጠንካራ ሊጥ የመሰለ፣ ጣት ሲጫነው ስርጉድ ብሎ የሚቀር ከሆነ ተደፍኗል። እርስዎ እንዳሉት እንደ ፊኛ የሚንቦጫረቅና የሚሸት ከሆነ የቦካ ፈሳሽ ነው። ሁለቱ አብረው የሚገኙበትም ጊዜ አለ፤ መሐል ላይ የሣር ጥቅል፣ ዙሪያውን ፈሳሽ። ስለዚህ ፈሳሹን ብቻ ዳስሰው አይቁሙ፣ በጣቶችዎ መሐል ቀስ ብለው አንከባልለው ጓል መኖር አለመኖሩን ይለዩ። ይህን ሲያደርጉ አጥብቀው አይጫኑ፤ ፈሳሹ ወደ ጉሮሮዋ ይወጣል። ከአፏ መንጠባጠብ ከጀመረ ወዲያው እጅዎን ያንሱ፣ ራሷን ወደ ፊት ዝቅ እንድታደርግ ነጻ ይልቀቋት፤ ራሷ ነቅንቃ ትጥለዋለች።

አፏን በብርሃን ይዩ። ምላሷና ላንቃዋ ላይ እርጎ የተለጠፈበት የሚመስል ነጭ ሽፋን ካለ ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ ሊሆን ይችላል። ቢጫ፣ ወፍራም፣ ሲነካ የሚደማ ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በጣት አይፋቁት።

የደረቷን መሐል አጥንት ይዳስሱ። ሁለቱ ጎኖች ሥጋ ሞልቷቸው አጥንቱ ብዙም የማይወጣ ከሆነ ሕመሙ አዲስ ነው። እንደ ቢላ ጀርባ ከወጣ ይህ የ3 ቀን ሕመም አይደለም፤ ሳምንታት ሳይታወቅ ሲያከሳት የነበረ ነገር አለ፤ ትላትል፣ የሆድ እብጠት ወይም ማሬክስ የሚባለው የነርቭ በሽታ። ማሬክስ ወደ ከረጢቱ የሚሄደውን ነርቭ ሲይዝ ከረጢቱ ይሽመደመዳል፤ ያኔ በማጠብ አይመለስም። የእግር ወይም የክንፍ መዛል አብሮ ካለ ይህን ይጠርጥሩ።

አሁን ሆዷ። ከኋላዋ ሆነው መዳፍዎን በሁለት እግሮቿ መሐል፣ ከፊንጢጣዋ በታች ያሳርፉ። የጤነኛ ዶሮ ሆድ ለስላሳና በመጠኑ የሚመለስ ነው። ውሃ የሞላ ከረጢት ከመሰለ በሆዷ ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል፤ በዚህ ዕድሜ ያለች ጣይ ዶሮ ላይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አስኳል ወደ ሆድ ዕቃ ገብቶ የፈጠረው ብግነት ወይም የእንቁላል መንገድ እብጠት ነው። ይህ የሐኪም ጉዳይ ነው፣ ከረጢቷን የሚያቆመውም እሱ ይሆናል። ጠንካራ ክብ ነገር ከተሰማዎት፣ ዶሮዋም ቀጥ ብላ እየቆመች ጅራቷን ወደ ላይና ወደ ታች የምታማጥ ከሆነ እንቁላል ተቀርቅሮባታል። ለማረጋገጥ ጓንት አድርገው፣ ጣትዎን በቫዝሊን አለስልሰው በፊንጢጣዋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ቀስ ብለው ማስገባት ይቻላል፤ ልሙጥ ቅርፊት ይነካል። እንዲህ ከሆነ ከ37 እስከ 40 ዲግሪ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ሆዷ እስኪጠልቅ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆይዋት፣ አድርቀው ሙቅና ጨለማ ቦታ ያሳርፏት። እንቁላሉን ውስጥ እንዳለ ለመስበር አይሞክሩ፤ ስባሪው ይቆርጣታል፣ ቁስሉም ይመግላል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም ጋ ይውሰዷት።

ኩሱ የሚናገረውና የማይናገረው

አረንጓዴ ኩስ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ባዶ አንጀት ውስጥ የሚወርደው ሐሞት ብቻ ሲሆን ኩሱ አረንጓዴ ይሆናል፤ 3 ቀን ላልበላች ዶሮ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ አረንጓዴነቱን ለብቻው እንደ በሽታ አይቁጠሩት። አረንጓዴ ተቅማጥ ከትንፋሽ ማጠር፣ ከአንገት መጣመም፣ ከድንገተኛ ሞት ጋር ከመጣ ግን ፈንግል ወይም የአእዋፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። ከአንድ በላይ ዶሮ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ከታመመ ወይም ከሞተ ዶሮም፣ እንቁላልም፣ የመኖ ዕቃም ከግቢ ሳያወጡ ለእንስሳት ጤና ባለሥልጣን ያሳውቁ። የእርስዎ ሌሎች 5ቱ ደህና መሆናቸው ከዚህ አቅጣጫ የሚያረጋጋ ምልክት ነው።

ጤነኛ ኩስ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ነጭ ቆብ አለው፤ ነጩ ሽንቷ ነው። ከ8 እስከ 10 ጊዜ አንዴ ደግሞ ቡናማ፣ የሚያጣብቅ፣ በጣም የሚሸት ይወጣል፤ ከዕውር አንጀት የሚመጣ ስለሆነ ተቅማጥ አይባልም። ደም ያለበት ኩስ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለውን፣ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣውን የአንጀት በሽታ ያስጠረጥራል፤ ግን ይህ በብዛት የጫጩቶችና የቄቦች በሽታ ነው፤ ትልልቆቹ አብዛኛውን ጊዜ ተለማምደውታል። ደም ካዩ፣ አምፕሮሊየም የሚባለው መድኃኒት በከባድ ወረርሽኝ ጊዜ በውሃ ውስጥ 0.024 በመቶ፣ ማለትም በሊትር 240 ሚሊ ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ 0.006 በመቶ ወርዶ 1 ወይም 2 ሳምንት ይቀጥላል። በእነዚያ ቀናት ቫይታሚን ቢ1 አይጨመርም፤ መድኃኒቱ ጥገኛ ተሕዋሱን የሚገድለው ቢ1ን በመንሳት ስለሆነ ሥራው ይከሽፋል። የጻፉት ምልክት ግን ወደዚህ አይመራም።

ትላትልን በመገመት ከማከም ትኩስ ኩስ ለምርመራ መላክ ይሻላል። ጸጉር የመሰለው ካፒላሪያ የሚባለው ትል አንዳንዱ ዓይነት በከረጢቱ ግድግዳ ውስጥ ስለሚኖር ከረጢት ደጋግሞ ሲቆም መታየት አለበት። መድኃኒቱ የሚሰጠው ግን አቅም ስታገኝ ነው፤ ዛሬ አይደለም።

ውሃ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ

ከረጢቷ ውሃ ሞልቶ እሷ ግን ተጠምታ ሊሆን ይችላል። ከረጢት ውሃ ወደ ደም አያስገባም፤ የሚያስገባው አንጀት ነው። መንገዱ ከቆመ የጠጣችው ሁሉ እዚያው ይንቦጫረቃል። ዓይኗ ገባ ካለ፣ አፏ ውስጥ ያለው ምራቅ ክር የሚስብ ከሆነ፣ የአናቷ ቀይ ሥጋ ደብዝዞ ከተሸበሸበ ደርቃለች። 1.8 ኪሎ የምትመዝን ዶሮ የቀኑን ፍላጎት ለመሙላት ብቻ 90 ሚሊ ሊትር ገደማ ያስፈልጋታል፤ በኪሎ 50 ተሰልቶ። ይህን በተወጠረ ከረጢት ላይ በሲሪንጅ መጋት ግን ወደ ሳንባዋ መላክ ነው። ለዚህ መፍትሔው ሐኪም ከቆዳዋ ሥር የሚሰጣት ፈሳሽ ነው። ቀላል፣ ፈጣን፣ ሕይወት የሚያተርፍ ሥራ ነው፤ እንደ ቅንጦት አይዩት።

የጠዋቱ ፈተና ከረጢቱ በከፊል መውረዱን ካሳየ በአፍ መስጠት ይቻላል። መርፌ የሌለው ባለ 1 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይያዙ። ዶሮዋን በፎጣ ጠቅልለው በተፈጥሮ አቀማመጧ ጭንዎ ላይ ያስቀምጡ፣ ራሷ ወደ ላይ አይጎተት። ጠብታውን በመንቁሯ ጎን፣ ጠርዙ ላይ ያሳርፉ፤ ውስጥ አይርጩ። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሊትር፣ እስክትውጥ መጠበቅ፣ እንደገና። በአንድ ዙር ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር፣ በየግማሽ ሰዓቱ። ራሷን ከነቀነቀች ወይም ከአፍንጫዋ ፈሳሽ ከወጣ ያቁሙ።

ለደረቀች ዶሮ በተለምዶ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ላይ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል። አፏ ለሚኮመጥጥ ዶሮ ግን ስኳሩን አልመክርም፤ ከረጢቷ ውስጥ ያለው ፈንገስ የሚመገበው እሱን ነው። ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። ማር፣ የፍራፍሬ ጭማቂ፣ የራሰ ዳቦም በዚሁ ምክንያት ይቅሩ።

ስለ ዘይት፣ እርጎ፣ ኮምጣጤና አንቲባዮቲክ

ዘይት የሣር ጥቅልን አይበትንም፤ ዙሪያውን ያለሰልሳል እንጂ። በፈሳሽ ለተሞላ ከረጢት ደግሞ ምንም ጥቅም የለውም፤ ወደ ሳንባ ከገባ ግን እንደ ውሃ ተመጥጦ አይጠፋም። ለተደፈነው ጠንካራ ከረጢት እንኳ ለብ ያለ ውሃ 5 ሚሊ ሊትር ያህል በጠብታ ሰጥቶ፣ በጣት ጫፍ ከጠርዙ ጀምሮ ወደ መሐል ሊጥ እንደማላላት በቀን 4 ጊዜ 5 ደቂቃ ማሸት የበለጠ ይሠራል። በ24 ሰዓት ካልላላ ሐኪም ከረጢቱን ከፍቶ ማውጣት ይችላል፤ በማደንዘዣ ሲሠራ ዶሮዎች በደንብ የሚያገግሙበት ቀዶ ሕክምና ነው። ቤት ውስጥ በምላጭ አይሞከርም።

እርጎ ጥቂቱ አይጎዳም፣ ግን ፈንገሱን አይገድልም፤ ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር ዶሮ በደንብ ስለማትፈጭ ሲበዛ ተቅማጡን ያባብሳል። ኮምጣጤም እንዲሁ፤ ካንዲዳ በኮመጠጠ ቦታ የሚመቸው ፍጥረት ነውና በአሲድ አይባረርም። ለጤነኞቹ በሊትር 5 ሚሊ ሊትር የሚሰጥ ካለ በቆርቆሮ ዕቃ አይሁን፤ አሲዱ ዚንክ ያሟሟል፣ ዚንክ ይመርዛል።

አንቲባዮቲኩ ላይ ትንሽ ልቆይ። ባክቴሪያ ሲሞት ቦታው ለፈንገስ ይለቀቃል፤ አንቲባዮቲክ ካንዲዳን ከሚያመጡት የታወቁ ምክንያቶች አንዱ ነው። ከዚህም ሌላ በውሃ የተበጠበጠ መድኃኒት የሚሠራው ዶሮዋ እንደ ወትሮዋ ስትጠጣ ነው። አልፎ አልፎ የምትቀምስ ዶሮ መጠኑን አታገኝም፤ ያገኘችውም ከረጢቷ ውስጥ ተኝቶ ቀርቷል። ሐኪም ያላዘዘው ከሆነ አይቀጥሉት፣ ስሙንና የሰጡበትን ቀን ግን ይጻፉ። ሜትሮኒዳዞልና ክሎራምፌኒኮል የሚባሉት አንቲባዮቲኮች በብዙ አገሮች ለምግብ በሚውል እንስሳ ላይ የተከለከሉ ናቸው። የማንኛውም መድኃኒት የእንቁላል መታቀቢያ ጊዜ እስኪያልፍ እንቁላሏ አይበላም።

ፈንገስ መሆኑ ከተረጋገጠ ሐኪሙ የሚያዘው ብዙ ጊዜ ኒስታቲን ነው። ለአእዋፍ የሚሠራበት መጠን በኪሎ 300,000 ዩኒት፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ነው። ለ1.8 ኪሎ 540,000 ዩኒት ይሆናል፤ በሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት ካለው ፈሳሽ 5.4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። መድኃኒቱ ወደ ደም አይገባም፣ ፈንገሱን የሚገድለው በቀጥታ ሲነካው ነው። ስለዚህ የሞላ ከረጢት ላይ መስጠት በባልዲ ውሃ ውስጥ እንደመጣል ነው። መጀመሪያ ሐኪሙ ከረጢቱን ያጥባል፣ ከዚያ መድኃኒቱ ከመኖ በፊት ባዶ ሆድ ላይ ይሰጣል። «ተሻላት» ተብሎ በ3ኛው ቀን ሲቋረጥ የሚያገረሸው ብዙ ነው።

መኖ የሚመለሰው እንዴት ነው?

ከረጢቱ መውረድ ሲጀምር እንጂ ከዚያ በፊት አይደለም። ደቃቅ የጣይ ዶሮ መኖ በለብታ ውሃ እንደ ቀጭን ገንፎ አርጥበው 1 የሾርባ ማንኪያ ያቅርቡላት፤ ትንሽ የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ፈጭተው ቢቀላቅሉበት ያነሳሳታል። በቀን 4 ወይም 5 ጊዜ። ከእያንዳንዱ በፊት ከረጢቱን ይዳስሱ፤ ያለፈው ካልወረደ አዲሱ ይዘለላል። ሳትበላው የቀረውን በ2 ሰዓት ውስጥ ያንሱት፣ ቶሎ ይቦካል። ሙሉ እህል፣ ሣርና ፍርፋሪ ከረጢቷ 3 ጠዋት ተከታትሎ ባዶ እስኪገኝ ይቆያሉ። ጠጠርም ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ በአሲድ የማይሟሟ የድንጋይ ጠጠር። የተፈጨ ዛጎል ለቅርፊት ካልሲየም ይሰጣል እንጂ መፍጫ ድንጋይ አይሆንም፤ ይሟሟል።

ከረጢቷ ለሳምንታት ተወጥሮ ከቆየ ጡንቻው ላልቶ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለች ዶሮ በትንሽ በትንሹ እየበላች መኖር ትችላለች፤ ግን ረጅም ሣር ወደሚገኝበት አትለቀቅ፣ የታጨደ ሣርም አይጣልላት።

ወደ ጓደኞቿ የምትመለሰው ክብደቷ መጨመር ሲጀምርና ኩሷ ሲጠጥር ነው፤ ማታ ቆጥ ላይ ቢያስቀምጧት ጠዋት የሚደርስባት ንክሻ ይቀንሳል። እስከዚያው የሌሎቹ የውሃ ዕቃ በየቀኑ ይታጠብ፣ እርጥብ ጉዝጓዝ ይነሳ፣ የሻገተ መኖ ይጣል። እሷን ከነኩ በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳልሞኔላ ከዶሮ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሕፃናትም ወደ ሣጥኗ አይቅረቡ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ጋ የሚያስኬዱት እነዚህ ናቸው፦ አፏን ከፍታ መተንፈስ፣ የአናቷ ሥጋ ሐምራዊ ወይም ጥቁር መሆን፣ መቆም አለመቻል፣ ደም፣ ውሃ የቋጠረ ሆድ፣ ጠዋት ላይ እንደ ማታው ሞልቶ የሚገኝ ከረጢት። በእርስዎ ዶሮ ላይ የመጨረሻው ከታየ ሌላ ሌሊት አይጠብቁ። ሲሄዱ የክብደቱን ጽሑፍ፣ የኩሱን ፎቶ፣ የመድኃኒቱን ስም፣ እንቁላል ያቆመችበትን ቀን ይያዙ። በመንገድ ላይ ከረጢቷን የሚጫን ማሰሪያ አይሁን፤ ራሷን ቀና ማድረግ የምትችልበት ከፍታ ያለው ሣጥን ይምረጡ። ሳይሳካ ቀርቶ ከሞተች ሬሳዋን በፕላስቲክ ጠቅልለው ከምግብ በተለየ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በረዶ አያድርጓት፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ለምርመራ ከደረሰች ሐኪሙ ሆዷን ከፍቶ ምክንያቱን የማየት ዕድል አለው፣ ለቀሩት 5ቱም የሚደረገው በዚያ ይወሰናል።